ቅጣቱ አልቆ መዝገቡ ሲቀር፦ የቆየ የወንጀል ሪከርድ እንዴት ይሰረዛል?

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ለታራሚዎች ይቅርታ ተደረገ የሚል ዜና መስማት የተለመደ ነው። ዜናውን የሚሰማ ሰው፣ አንዳንዴም ይቅርታ የተደረገለት ታራሚ ራሱ፣ ከዜናው ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ይረዳል፤ ከማረሚያ ቤት የወጣው ሰው ስሙም ከፖሊስ መዝገብ አብሮ የወጣለት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የሚገባው ከዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ቅጥር ወይም ለውጭ ጉዞ የአሻራ ምርመራ ማስረጃ አምጣ ሲባል ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ቅጣትን መጨረስና መዝገብን ማሰረዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀኑ ሲደርስ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ካልተጠየቀ አይመጣም፤ ባለጉዳዩ አመልክቶ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ ፍርድ ቤት ሲፈቅድለት ብቻ የሚያገኘው ነው። መንገዱ አዲስም አይደለም። የጄኔቫው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ባረቀቁት በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበረ። ያንን ተክቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ድረስ ይደነግገዋል። ስለ ዋስትና መብት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህኛው መንገድ የሰማ ሰው ማግኘትም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል።

## «መዝገብ አለበት» ሲባል የቱ መዝገብ ነው?

አንድ የወንጀል ጉዳይ በብዙ ቦታ ወረቀት ይተዋል። ፍርድ ቤት የፍርድ መዝገብ አለው፤ ዐቃቤ ሕግ የክስ ፋይል አለው፤ ማረሚያ ቤት የታራሚውን ማኅደር ይይዛል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ሰውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን የፖሊሱ መዝገብ ነው። የጥፋተኝነት ውሳኔውና ቅጣቱ እዚያ ይሰፍራሉ። ሰውየው «ከወንጀል ነፃ ማስረጃ» የሚባለውን ወረቀት አምጣ ሲባል፣ ፖሊስ የጣቶቹን አሻራ ወስዶ ካለው ክምችት ጋር ያመሳክራል። ስም ቢቀየር፣ የመኖሪያ ከተማ ቢቀየር፣ ፊት በዕድሜ ቢለወጥ አሻራ አይለወጥምና የዛሬ ሃያ ዓመት የተመዘገበው ፍርድ ዛሬም ብቅ ሊል ይችላል።

የዚህ መዝገብ መኖር ጉዳቱ በሦስት በኩል ነው። አንደኛው ሥራ ነው፤ ቀጣሪዎች ማስረጃውን ይጠይቃሉ፤ ለመንግሥት ሥራ ቅጥር ደግሞ በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም በእምነት ማጉደል መቀጣት ራሱን የቻለ መሰናክል ነው። ሁለተኛው መብት ነው፤ ፍርድ ቤት ከእስራቱ ጋር የመምረጥ፣ የመመረጥ፣ ዋስ ወይም ምስክር የመሆን፣ ሞግዚት የመሆን፣ አንድን ሙያ ወይም ንግድ የማካሄድ መብትን ጨምሮ ሊሽር ይችላል። ሦስተኛውን ሰዎች ብዙ አያስቡትም፦ ያ ሰው ሌላ ጉዳይ ገጥሞት እንደገና ፍርድ ቤት ቢቆም፣ የቀድሞው ቅጣት በአዲሱ ላይ ማክበጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

ባለሱቅ ዕዳውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተቀብሎ ስሙን ከዱቤ ደብተሩ ላይ ያልሰረዘለትን ደንበኛ ማሰብ ነው። ዕዳ የለበትም፤ ደብተሩን የገለጠ ሁሉ ግን ስሙን ያነባል።

## ተይዤ ነበር እንጂ አልተፈረደብኝም፤ የእኔስ?

እንዲህ ያለ ሰው የሚሰረዝ ቅጣት የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ሁሉ ጥፋተኛነቱ በፍርድ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚብራራው የማሰረዝ ሥርዓት እሱን አይመለከተውም።

በተግባር ግን እንዲህ ያለውም ሰው ሊጉላላ ይችላል። አሻራው ሲያዝ ተወስዷል፤ የጉዳዩ መጨረሻ ግን አሻራው ወዳለበት ቦታ ላይደርስ ይችላል። መድኃኒቱ መጨረሻውን የሚያሳይ ወረቀት መያዝ ነው። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘግቶ ከሆነ የዘጋበትን ውሳኔ፣ ክሱ ተነሥቶ ከሆነ የተነሣበትን ትእዛዝ፣ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናብቶ ከሆነ የፍርዱን ግልባጭ። ወረቀቱ «ተዘግቷል» ከማለት አልፎ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ቢገልጽ ይመረጣል። ከዓመታት በኋላ ፋይል ከማስፈለግ ጉዳዩ ባለቀበት ሳምንት ግልባጭ ማውጣት ብዙ ድካም ያስቀራል።

## በይቅርታ ከተፈታሁ መዝገቤ አልጠፋም?

አልጠፋም። ትልቁ የግንዛቤ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በዕለት ንግግራችን ይቅርታና ምሕረት አንድ ናቸው። በወንጀል ሕጉ ግን አንቀጽ 229 ስለ ይቅርታ፣ አንቀጽ 230 ስለ ምሕረት ይናገራሉ፤ ውጤታቸውም የተራራቀ ነው።

ይቅርታ የሚነካው ቅጣቱን ነው። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀራል፤ ወይም በቀለለ ቅጣት ይለወጣል። በፌዴራል ደረጃ ጥያቄውን የይቅርታ ቦርድ ይመረምራል፤ ይቅርታውን የሚሰጠው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱም በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተደንግጓል። ክልሎችም የየራሳቸው የይቅርታ ሕግ አላቸው። ይህ ሁሉ ታልፎ ታራሚው ሲወጣ ግን የጥፋተኝነት ውሳኔው ባለበት ይቆያል። ሕጉ ራሱ ፍርዱ በመዝገብ ላይ እንደሰፈረ እንደሚቀርና ሌሎች ውጤቶቹም እንደሚቀጥሉ ይናገራል። መንግሥት «ቀሪውን አትታሰርም» አለ እንጂ «አላጠፋህም» አላለም።

ምሕረት ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ለአንድ ሰው በግሉ ሳይሆን ለተወሰኑ የወንጀል ዓይነቶች ወይም ለተወሰኑ ጥፋተኞች በጠቅላላ የሚሰጥ ነው። ገና ያልተከሰሰ ሰው ከሆነ ክስ እንዳይቀርብበት ያደርጋል፤ የተጀመረ ክስ ካለ ያቋርጣል፤ የተፈረደበት ከሆነም ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ከፖሊስ መዝገብም ይሰረዛል። በቅርብ ጊዜ ታሪካችን የሚታወቀው ምሳሌ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አሰጣጥና አፈጻጸም ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ነው።

ሁለቱንም የሚገድብ አጥር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን፣ ማለትም የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መውሰድን፣ አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብዓዊ ድብደባን፣ በይቅርታም በምሕረትም ማለፍን ይከለክላል። በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ከመለወጥ ያለፈ ማድረግ አይችልም።

በነገራችን ላይ ይቅርታውም ሆነ ምሕረቱ የተበዳዩን ካሣ አይነካም። መንግሥት የራሱን ቅጣት ሊተው ይችላል፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ግን ሊተው አይችልም።

ስለዚህ የተፈታ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በእጁ ያለውን ወረቀት ማንበብ አለበት። «ይቅርታ» የሚል ከሆነ መዝገቡ አለ፤ ማሰረዝ ከፈለገም ቀጣዩን መንገድ መሄድ ይኖርበታል። «ምሕረት» የሚል ከሆነ መብቱ በሕግ ተሰጥቶታል፤ የሚቀረው የፖሊስ መዝገብ በዚያው መሠረት መስተካከሉን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

## መሰየም ምንድን ነው?

ሕጉ መዝገብ የሚሰረዝበትን መንገድ «መሰየም» ይለዋል። የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመና የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ከኖረ በኋላ ፍርድ ቤት መብቱን የሚመልስለትና ፍርዱን ከመዝገብ የሚያሰርዝለት ሥርዓት ነው።

አንቀጽ 232 ላይ ያለው አቋም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቅጣትን ማሰረዝ እንደ መብት የሚጠየቅ አይደለም፤ የተቀጣው ሰው በሥራው ሊገባው ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ጊዜው የሞላ ሰው ሁሉ ማመልከት ይችላል፤ ያመለከተ ሁሉ ግን ያገኛል ማለት አይደለም። ዳኛው የሚያየው ከተፈታበት ቀን ወዲህ ያለውን ሕይወት ነው።

## ስንት ዓመት መጠበቅ አለበት?

አምስት ወይም ሁለት። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ለቀለሉት ቢያንስ ሁለት ዓመት። መቁጠር የሚጀመረው ቅጣቱ ከተፈጸመበት፣ በይርጋ (ሳይፈጸም ጊዜው በማለፉ) ከቀረበት ወይም በይቅርታ ከተተወበት ቀን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእስራቱን ርዝመት በማየት ነው። ሕጉ የሚያየው የእስራቱን ዓይነት ነው። ቀላል እስራት በመደበኛው እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ጽኑ እስራት ደግሞ ከአንድ ዓመት ይጀምራል። በመሆኑም ሦስት ዓመት በቀላል እስራት የተቀጣ ሰው ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ጠብቆ ማመልከት ሲችል፣ ሁለት ዓመት በጽኑ እስራት የተቀጣው አምስት ዓመት ይጠብቃል። አጠር ላለ ጊዜ የታሰረው ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል ማለት ነው። ግራ ያጋባል፤ ግን ጽኑ እስራት ለከባድ ወንጀሎች የተመደበ መሆኑን ላሰበ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ከፍርዱ ግልባጭ ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት «ቀላል» ወይም «ጽኑ» የሚለውን ቃል ነው።

ሁለት ቀመር እናስላ። በስርቆት አንድ ዓመት ቀላል እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ በጥር 2014 ዓ.ም. ከወጣ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ማመልከት ይችላል። ይህኛው ቀላል ነው።

ሁለተኛው ስድስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ገባ። ጠባዩን አሳምሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም አራት ዓመቱን ሲጨርስ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአመክሮ ተለቀቀ። የስድስት ዓመቱ ቅጣት የሚያልቀው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ነው፤ አምስቱ ዓመት ከዚያ ቢቆጠር ሐምሌ 2018 ዓ.ም. ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ሕጉ በመልካም ሁኔታ የታለፈ የፈተና ጊዜ ከመጠበቂያው ውስጥ እንዲታሰብ ስለሚፈቅድ፣ የአመክሮውን ሁለት ዓመት ያለ ጥፋት ያሳለፈ ሰው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሊያመለክት ይችላል። በገደብ የተለቀቀ ሰውም የገደቡ ጊዜ በተመሳሳይ ይታሰብለታል።

ከእስራት ጋር የገንዘብ መቀጮ የተጣለበት ሰው ቆጠራውን ከመጀመሩ በፊት መቀጮውን መክፈሉን ያረጋግጥ። እስራቱን ጨርሶ መቀጮውን የረሳ ሰው ቅጣቴን ፈጽሜያለሁ ማለት አይችልም። ደረሰኙ ከጠፋበት የከፈለበት ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሰነድ ይኖረዋል።

## ጊዜው ከሞላ ይበቃል?

አይበቃም፤ ሁለት ነገር ይቀራል።

የመጀመሪያው ካሣ ነው። ፍርድ ቤቱ ለተበዳይ ካሣ ወይም ወጪ እንዲከፍል ወስኖበት ከነበረ መክፈል አለበት። ሕጉ እዚህ ላይ የሰውን አቅም ያውቃል፤ የሚጠይቀው አቅሙ የፈቀደለትን ያህል መክፈሉን ነው። ድሀ መሆኑ ብቻውን በሩን አይዘጋበትም። መክፈል እየቻለ ዝም ያለ ሰው ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ተለውጫለሁ ማለቱ አያምርበትም። ከተበዳዩ ጋር በሽማግሌ ታርቆ ከፍሎ ከሆነ የእርቁን ሰነድ ወይም የተበዳዩን የጽሑፍ ማረጋገጫ ቢያቀርብ ጉዳዩን ያቀልለታል።

ሁለተኛው ጠባይ ነው። በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል ሠርቶ ያልተቀጣ መሆኑ መነሻው ነው፤ ሕጉ ከዚያም አልፎ መልካም አኗኗር ይፈልጋል። ለዚህ ልክ የሚሰፍር ሚዛን የለም። የሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቀበሌው ወይም የወረዳው ማረጋገጫ፣ በዕድሩ ውስጥ ያለው ስም፣ ቤተሰብ ማስተዳደሩ፣ ትምህርት መማሩ፣ ንግድ ከፍቶ ግብር መክፈሉ ሁሉም ተደምረው አንድ ሥዕል ይሰጣሉ። ለምሳሌ በእምነት ማጉደል የተቀጣ የሒሳብ ሠራተኛ ከተፈታ በኋላ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመርጦ ሒሳቡን በየዓመቱ ያለ ጉድለት ካስረከበ፣ የዕድሩ ደብዳቤ ከአሥር አጠቃላይ የምስክርነት ወረቀት ይበልጣል። «ጠባዩ መልካም ነው» የሚል አንድ መስመር ማኅተም የተመታበት ወረቀት ግን ለዳኛ ብዙ አይነግረውም።

ጊዜን መጠበቅ የማያስፈልግበት አንድ ጠባብ በር አለ። አንቀጽ 234 ከፍርዱ በኋላ ለአገር ወይም ለሕዝብ የላቀ ተግባር የፈጸመ ሰው ዓመቱ ሳይሞላ ሊሰየም እንደሚችል ይደነግጋል። ብርቅ ነው፤ በዚህ ተስፋ የሚጠብቅ ሰው ከመደበኛው ጊዜ በላይ ይጠብቃል።

## ማመልከቻው ለማን ነው የሚቀርበው?

ቅጣቱን ለወሰነው ፍርድ ቤት። ባሕር ዳር የተፈረደበት ሰው ዛሬ ሐዋሳ ቢኖርም መዝገቡ ያለው ባሕር ዳር ነው። አመልካቹ የተቀጣው ሰው ራሱ ነው፤ ችሎታ የሌለው ከሆነ ሕጋዊ ወኪሉ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። «አመልካች በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በተሰጠ ፍርድ፣ በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ ተብዬ ይህን ያህል ዓመት በቀላል እስራት ተቀጥቻለሁ፤ ቅጣቴን ፈጽሜ በዚህ ቀን ወጥቻለሁ፤ ካሣውን ከፍያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ተሠማርቼ እኖራለሁ፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 232 እና 233 መሠረት እንድሰየምና ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ይወሰንልኝ» ከተባለ ዋናው ነገር ተብሏል። ቀሪው ሥራ የማስረጃዎቹ ነው። የፍርዱ ግልባጭ፣ ከማረሚያ ቤት የተፈታበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ የመቀጮና የካሣ ደረሰኝ፣ ስለ አኗኗሩ የሚናገሩ ሰነዶች አብረው ይያያዛሉ። ጠበቃ ማቆም ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን አስተያየት ሊጠይቅ፣ ተጨማሪ ማስረጃ ሊያዝ ወይም ምስክር ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሄዶ የሚያልቅ ጉዳይ አድርጎ ማሰብ አይገባም።

በጣም ከባዱ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ሳይሆን አሮጌውን ፋይል ማግኘት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን የማያስታውስ ሰው ከማረሚያ ቤቱ ማኅደር ይጀምር፤ ታራሚ ሲገባ የእስር ማዘዣው አብሮት ስለሚላክ ቁጥሩ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

«በገንዘብ መዝገብ እናስጠፋለን» የሚሉ ደላሎችን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ፍርድ በደላላ አይሰረዝም። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ መገኘት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አሮጌውን ለማሰረዝ የሄደ ሰው አዲስ አስመዝግቦ ይመለሳል፤ የጠበቃቸው ዓመታትም በአንድ ወረቀት ይባክናሉ።

## ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ በኋላ ምን ይለወጣል?

አንቀጽ 235 ሦስት ነገር ይሰጣል። የተሻሩ መብቶች ይመለሳሉ፤ የመምረጥም፣ የሞግዚትነትም፣ የሙያም። ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ተሰርዞ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሦስተኛው ግን ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ነው፦ ከዚህ በኋላ ያንን የቆየ ቅጣት በክፋት አንሥቶ የሚሰድብ ሰው በክብርና በስም ላይ በሚፈጸም ወንጀል ይጠየቃል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የስም ማጥፋት ክስ በተለምዶ የሚሄድበትን መንገድ ማስታወስ ይጠቅማል። ተከሳሹ «የተናገርኩት እውነት ነው» ወይም «ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው» ብሎ ሊከራከር የሚችልበት ሁኔታ አለ። በተሰየመ ሰው ላይ ግን ሁለቱም መከላከያዎች ይዘጋሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣልቶ በሰው ፊት «ሌባ! ታስረህ አልነበር?» ቢል፣ ሰውየው በእርግጥ ታስሮ የነበረ መሆኑ አያድነውም። እውነት መናገር የሚያስጠይቅበት ሕግ ብዙ አይገኝም።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን ራሱ እየበረረ ፖሊስ ዘንድ አይደርስም። አመልካቹ የትእዛዙን ግልባጭ አውጥቶ፣ ለሚመለከተው የፖሊስ ክፍል መድረሱን ተከታትሎ፣ ከዚያም አዲስ የአሻራ ምርመራ ማስረጃ ጠይቆ ውጤቱን በዓይኑ ማየት አለበት። በክልል ፍርድ ቤት የተሰጠ ትእዛዝ በፌዴራል ደረጃ ያለው መዝገብ ላይም መሥራቱን ማጣራት አይዘንጋ።

የማይለወጡ ነገሮችም አሉ። የፍርድ ቤቱ ማኅደር አይቀደድም። በዚያን ጊዜ በጋዜጣ የወጣ ወይም ኢንተርኔት ላይ የቀረ ዜና በዚህ ትእዛዝ አይነሣም። በፍርዱ ምክንያት የተባረረበት ሥራም በራሱ ጊዜ አይመለስለትም።

## ቢከለከልስ? ከተፈቀደ በኋላስ ሊመለስ ይችላል?

ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጊዜው ሳይሞላ ቀርቦ ከሆነ የሚጎድለው ወራት ብቻ ነው። ሰነድ ጎድሎ ከሆነ ሰነዱ ይሟላል። ዳኛው ጠባዩን አይቶ ገና ነው ካለ ግን በማግስቱ ያንኑ ማመልከቻ መልሶ ማቅረብ አይቻልም፤ አንቀጽ 236 እንደገና ለማመልከት የሚጠበቅ ጊዜ አስቀምጧል።

የተፈቀደውም ቢሆን ሊሻር ይችላል። የተሰየመ ሰው በተከታዮቹ ዓመታት ሌላ ከባድ ወንጀል ሠርቶ ቢፈረድበት፣ በአንቀጽ 237 መሠረት የመሰየም ትእዛዙ ይሰረዝና የቀድሞው ፍርድ ወደ ቦታው ይመለሳል።

## ለውጭ አገር ቪዛስ ይሠራል?

ግማሽ መንገድ። ከኢትዮጵያ ፖሊስ የሚወጣው ማስረጃ ንጹሕ ይሆናል፤ «እንዳልነበረ ይቆጠራል» የሚለው የሕጋችን ቃል ግን የሌላውን አገር ቆንስላ አያስገድደውም። እያንዳንዱ አገር የሚጠይቀውን ጥያቄ በራሱ ሕግ ይቀርጻል። ለምሳሌ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ቅጽ አመልካቹ በይቅርታ፣ በምሕረት ወይም በመሰል እርምጃ የታለፈለት ቢሆን እንኳ ተይዞ ወይም ተፈርዶበት እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቅጽ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው «የለብኝም» ብሎ ቢሞላ፣ ከቆየው ቅጣት ይልቅ በቅጹ ላይ የሰጠው የሐሰት መልስ ሊያስከለክለው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቦ በእውነት መመለስ፣ የፍርዱንና የመሰየም ትእዛዙን የተረጋገጠ ትርጉም አያይዞ ማቅረብ፣ የትእዛዙን ዋና ቅጂ ደግሞ ለማንም ሳይሰጡ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።